ደራሲው ሲታመም የሚለጠፈው የሒሳብ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከታጁራ ተነስቶ፣ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር የአዳልን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ። ተቀምጦ የከረመው ከአንኮበር በታች፣ የይፋትን ቆላ ቁልቁል በምታይ አሊዩ አምባ ነበር። አሊዩ አምባ ያን ጊዜ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር የምሥራቅ በር ናት። ከአፋር የሚመጣው ጨው፣ የሐረሩ ነጋዴና የደጋው ገበሬ የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ጆንስተን ግን በዚያች ከተማ ብዙ ቀን በትኩሳት ተኝቶ አሳለፈ። ንዳድ ደጋግሞ ጣለው። ሐኪም ሆኖ ሳለ ራሱን ማዳን አቃተው። ሲሻለው ያየውን ይጽፋል፤ ሲብስበት ይተኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጎኑ የነበሩት አገልጋዮቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። በኋላ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1844 የጉዞ መጽሐፉን ለንደን ውስጥ በሁለት ቅጽ አሳተመ።

የአሊዩ አምባ ሰው ከዚያ መጽሐፍ አንድ መስመር አላነበበም። ሰውየውን ግን አስታመመው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አንባቢው የደራሲውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል፤ ያውም በስልኩ፣ ያውም በነጻ። ደራሲው ሰው መሆኑ ትዝ የሚለው ግን አንድ ቀን ማለዳ ቴሌግራም ሲከፍት ነው። ከላይ የሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ሰው ፎቶ፣ ከሥሩ «ወገን ለወገን ደራሽ ነው» የሚል ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የሁለት ሦስት ባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ማኅተም ያረፈበት የሕክምና ቦርድ ማስረጃ። አንባቢው ያዝናል፣ የአቅሙን ይልካል፣ ለሌላም ያጋራል። ይህ ደግነት ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። ጥያቄው ይህ ሰው እዚህ ልጥፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ የት ነበር የሚለው ነው።

የት እንደነበረ ግልጽ ነው። መጽሐፉን ሲሸጥ ነበር።

በኢትዮጵያ ዛሬ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ሥራው ጽፎ ሲጨርስ አያልቅም። በደርግ ዘመን ቢያንስ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረ፤ የሳንሱሩ ጣጣ እንዳለ ሆኖ፣ ደራሲ ማተሚያ ቤት ለማተሚያ ቤት አይንከራተትም ነበር። ሬዲዮም ነበረ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ስንቱ ቤት አስገባው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ለዚያ ሲሉ ከከተማ ከተማ መዞር አላስፈለጋቸውም። የመጽሐፉን ጉዞ ሌላ ሰው፣ ሌላ ድምፅ ተሸከመው።

አሁን የሚሸከመው ራሱ ደራሲው ነው። አብዛኛው ተበድሮ ወይም ካለው ላይ ቆርሶ ያሳትማል። አከፋፋዩን ይለማመጣል፣ መጻሕፍት መደብር እየዞረ የተሸጠውን ይቆጥራል። የምርቃት አዳራሽ ይከራያል፣ ሂስ አቅራቢ ይጋብዛል፣ መጥሪያ ያሳትማል። ከዚያ የኤፍኤም ቃለ መጠይቅ፣ የዩቲዩብ ቃለ መጠይቅ፣ የቲክቶክ ቪዲዮ ይከተላል። ከዚያም ካርቶን ጭኖ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። መጽሐፍ በወጣ በሁለት ሦስት ወር ካልተሸጠ አቧራ ይጠጣል፣ ብድሩ ግን ወለዱን ይቆጥራል። ስለዚህ እነዚያ ሁለት ሦስት ወራት ለደራሲው እንደ አዝመራ ናቸው። በአዝመራ ጊዜ ማን ይታመማል?

እንበል አንዲት ደራሲ አለች። መጽሐፏ ከማተሚያ ቤት ወጥቷል፣ ምርቃቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጡቷ ላይ ያልነበረ እብጠት አገኘች። ሐኪሙ «ናሙና ተወስዶ ይታይ» አላት። ምናልባት ምንም አይደለም፤ ምናልባት ነው። ናሙናው ገንዘብ ይጠይቃል፣ ገንዘቡ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ቀኑም ከምርቃቱ ጋር ተጋጭቷል። አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል። ምን ታደርጋለች? ብዙ ሰው የሚያደርገውን ታደርጋለች፤ «ምርቃቱ ይለፍና» ትላለች። ከዚያ «የደሴው ይለፍና»። ከዚያ «ብድሩን ልክፈልና»። በመድረኩ ላይ እየሳቀች ትፈርማለች፤ በልቧ ቀን ትቆጥራለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል መካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን ለምን እንደተደበቀ ማን ጠየቀ? ብትናገር መጽሐፏን የሚያነብ ሁሉ ከዚያ በኋላ በሐዘኔታ ነው የሚያነበው። ሃያሲው ብዕሩን ይሰበስባል፣ አበዳሪው ይደነግጣል፣ ወሬኛው ገና ያልታወቀውን በሽታ ስም አውጥቶለት ያድራል። አራት ዓመት የደከመችበት ሥራ «የዚያች የታመመችው ሴት መጽሐፍ» ሆኖ ይቀራል። ዝምታዋ ሥራዋ በሥራነቱ እንዲታይላት የምትከፍለው ዋጋ ነው።

ይህ የድሃ አገር ደራሲ ችግር ብቻ አይደለም የሚል ካለ ልክ ነው። ቻርልስ ዲከንስ በዘመኑ ከማንም በላይ የተነበበ እንግሊዛዊ ደራሲ ነበር። መጽሐፎቹን ራሱ በመድረክ እያነበበ ከተማ ለከተማ ይዞር ነበር፤ ሰው ከፍሎ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1869 በዚሁ ዙረት መካከል ሰውነቱ ከዳው፣ ሐኪሞቹ ጉዞውን አስቋረጡት። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ግን ለስንብት ብሎ ለንደን ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ሊያነብ መድረክ ላይ ወጣ። ሐኪሙ አጠገቡ ሆኖ የልብ ምቱን ይለካ ነበር። የ«ኦሊቨር ትዊስት»ን የግድያ ክፍል ባነበበ ቁጥር በደህናው ጊዜ 72 የነበረው ምት ከ110 በላይ ይወጣ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 1870 እ.ኤ.አ.፣ በ58 ዓመቱ፣ የጀመረውን ልብ ወለድ ሳይጨርስ ሞተ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ዲከንስ የሚያርፍበት ሀብት ነበረው፣ መድረኩን ግን መረጠ። የኢትዮጵያው ደራሲ የሚመርጠው ነገር የለውም።

እዚህ አገር ሕመም ምን ያህል ከቤት እንደሚያርቅ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኩላሊቱን ታሞ ለእጥበት ሲል ኒው ዮርክ ከረመ። ስለ ዓባይና ስለ ኢትዮጵያ የጻፈ፣ ለአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥም የደረሰ ሰው ሕይወቱ በባዕድ አገር መሣሪያ ላይ ተንጠልጥላ ቆየች። የካቲት 1998 ዓ.ም እዚያው አረፈና አስከሬኑ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ገባ። በአገር ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም ነው። ያም ሆኖ አንጋፋው ተዋናይ ፍቃዱ ተክለማርያም፣ መጻሕፍትን በድምፁ ሕይወት የዘራባቸው ሰው፣ በዚያው የኩላሊት ሕመም ሲሰቃይ ለሕክምናው ገንዘብ መዋጣት ነበረበት። ሐምሌ 2010 ዓ.ም ሞተ።

ልብ መባል ያለበት አንድ ነገር አለ። ሕዝብ የሚያዋጣው ለሞት አፋፍ ነው። ኩላሊት ሲቆም፣ ካንሰር ሲሠራጭ፣ «ወደ ውጭ ካልሄደ አይተርፍም» ሲባል ያኔ ይዋጣል። ለናሙና ምርመራ የሚያዋጣ የለም። «አንድ እብጠት አግኝቻለሁ፣ ምናልባት ምንም አይደለም፣ ለማረጋገጥ ገንዘብ አነሰኝ» ብሎ የሚለጥፍም የለም፤ ቢለጥፍም የሚያምነው የለም። ለመትረፍ የሚሻለው ጊዜ ግን ያ ነው። ትንሽ ገንዘብ በጊዜው የሚሠራውን ብዙ ገንዘብ ዘግይቶ አይሠራውም።

ሲዘገይ ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚጨምረው። ክብርም ይከፈላል። ማጭበርበሩ ስለበዛ ሰው ማስረጃ ይጠይቃል፤ መጠየቁም አይፈረድበትም። ስለዚህ የታማሚው የሐኪም ወረቀት፣ የከሳ ፊቱና አልጋው አደባባይ ይወጣል። ከአሊዩ አምባ በስተሰሜን፣ በዚያው ተራራ ሰንሰለት ላይ ባለችው ደብረ ሲና የተወለደው ዳኛቸው ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ባሳተመው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የታመመ ፊታውራሪ ከልጆቹ ጋር ፈውስ ፍለጋ ዝቋላ ይወጣል። እዚያ ያለው ትልቁ ጭንቅ ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ባለ ማዕረጉ ሰው በሕዝብ ዓይን ፊት ሕመምተኛ ሆኖ መታየቱም ነው። ዛሬ ዝቋላው ስልክ ላይ ነው።

አሁን ወደ አንባቢው እንምጣ። መጽሐፉ በወጣ ሰሞን ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው ፎቶ እየተነሳ በፒዲኤፍ ይለቀቃል። «አዲስ መጽሐፍ፣ በነጻ፣ ሼር ያድርጉ!» ይባላል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው ይላል። ቻናሉ ግን ለ50 ቀንም አይጠብቅም። ለምሳሌ ያህል እናስላው። መጽሐፉ 300 ብር ይሸጥ፤ ማተሚያ ቤት 120፣ አከፋፋይና መደብር 100 ይውሰዱ፤ ለደራሲው 80 ብር ይቀራል። ፒዲኤፉን ካወረዱት መካከል አንድ ሺህ ሰው ብቻ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ 80 ሺህ ብር ነው። ያ ገንዘብ ለዚያች ሴት ምርቃቱን በሁለት ሳምንት ለማራዘምና ናሙናዋን ለመስጠት ይበቃታል። በኋላ በልመና የሚሰበሰበው ገንዘብ ቀድሞ ዕዳ ነበረ ማለት ነው። አንባቢው ዕዳውን ምጽዋት ብሎ ነው የከፈለው።

«ገንዘብ የለንም፣ መጽሐፉም አይደርሰንም» የሚለው መልስ ቀላል አይደለም። አሊዩ አምባ ያለ መምህር አዲስ ልብ ወለድ ለማግኘት የት ይሂድ? ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ብርሃን ወርዶ ወጥቶ ላያገኘው ይችላል፤ መጽሐፉ ከዋጋው ይልቅ መጓጓዣው ይከብደዋል። ለሱ ያ ፒዲኤፍ ሌባ አይደለም፣ ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህን ሰው መውቀስ ትርጉም የለውም። ግን የዚያው መምህር ስልክ ላይ ቴሌብር አለ። መጽሐፉ ካልደረሰው፣ 50 ብር ለደራሲው መላክ ግን ይችላል። የጎደለው መንገዱን የሚያሳየው ነው።

መንገዱም ቀላል ነው። የሒሳብ ቁጥሩ መለጠፍ ያለበት በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። «ይህን በነጻ ያገኘኸው ከሆነ የቻልከውን በዚህ ላክ» የሚል አንድ መስመር ደራሲው ራሱ ያስገባው። ፒዲኤፍ የሚለቅ ቻናል ካለ፣ ቢያንስ ያቺን መስመር አይቁረጣት። መጽሐፉን ያልጻፈ ሰው ተከታይ ሲያበዛበት፣ የጻፈው ሰው የሕክምና ቦርድ ወረቀት እስኪለጥፍ መጠበቅ የለበትም።

ሁለተኛው ነገር የጤና መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በተመረጡ 13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፍቷል። የይፋት ገበሬ ጤነኛ ሳለ በዓመት አንዴ መዋጮውን ይከፍላል፣ ሲታመም ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ካርዱ ሁሉን አይሸፍንም፣ መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ግን ሐሳቡ ልክ ነው፤ መክፈል በጤና ጊዜ ነው። ደመወዝ የሌለው ደራሲም ከገበሬው የተለየ ሰው አይደለም። የደራስያን ማኅበር አባላቱን ሰብስቦ በየቀበሌያቸው ቢያስመዘግብ፣ ከሚያዘጋጀው የመታሰቢያ ምሽት ሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛው ልማድ ነው። ደራሲ የሌለበት ምርቃት ነውር መሆን የለበትም። ተዋናይ ያንብብ፣ መምህር ይናገር፣ አንባቢ ይፈርም። ደራሲዋ «ዛሬ አልመጣም» ብትል ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይኑር። መጽሐፍ ከጸሐፊው ሰውነት ተለይቶ መሄድ ካልቻለ ምኑን መጽሐፍ ሆነ?

ኢትዮጵያዊ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ዕድር ሲሞት የሚደርስ ነው፣ ዕቁብ ግን በቁም የሚደርስ ነው። አገሩ ለደራሲዎቹ ጥሩ ዕድርተኛ ሆኖ ኖሯል፤ ድንኳኑ አይጎድልም፣ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ እንባውም እውነተኛ ነው። አሁን የሚፈለገው ዕቁብተኛ ነው። የአሊዩ አምባ ሰዎች መጽሐፉን ሳያነቡ ጸሐፊውን አስታመሙ። ያነበበው ደግሞ ቢያንስ ሳይታመም ዋጋውን ይክፈለው።