የደጋውና የቆላው ሙቀት፦ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት በንጽጽር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጋቢውን አጥብቆ ይለብሳል። ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ደግሞ የደረበውን ሁሉ ማውለቅ ይጀምራል። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያሸጋግረው ይህ ቁልቁለት፣ የአየር ሙቀት ለውጥን ለማነጻጸር ምቹ ቦታ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በሚበልጥ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ በ1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየር በየ1 ሺህ ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በከፍታ ምክንያት ብቻ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይጠበቃል። ይህ ግን የሙቀት ልዩነት እንጂ የሙቀት ለውጥ አይደለም። ለውጥ የሚለካው እያንዳንዱን ቦታ ከራሱ ያለፈ ዘመን ጋር በማስተያየት ነው። ቆላው ከደጋው መሞቁ የታወቀ ሲሆን፣ ለዕቅድ የሚጠቅመው ጥያቄ ከሁለቱ የትኛው ከቀድሞ ጠባዩ የበለጠ ራቀ የሚለው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ንጽጽር የመጀመሪያው መስፈርት የመነሻ ዘመን አንድ መሆን ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የ30 ዓመት አማካይን እንደ መነሻ የሚጠቀም ሲሆን፣ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ጊዜ የቅርቡ መነሻ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአንዱን ከተማ መዝገብ ከ1960ዎቹ፣ የሌላውን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ማስላት ለሐሰት ድምዳሜ ይዳርጋል።

የመነሻ ዘመን ጉዳይ በአገር አቀፍ አሐዞች ላይም በግልጽ ይታያል። ኢትዮጵያ በ2001 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ማዕቀፍ ስምምነት ያቀረበችው የመጀመሪያ ሪፖርት ዝቅተኛው የሙቀት መጠን በየ10 ዓመቱ በ0 ነጥብ 25 ዲግሪ፣ ከፍተኛው ደግሞ በ0 ነጥብ 1 ዲግሪ መጨመሩን አመልክቷል። በ2007 የወጣው ብሔራዊ የመላመድ መርሐ ግብር ግን የዝቅተኛውን ጭማሪ 0 ነጥብ 37 ዲግሪ አድርሶታል። ሁለቱ አሐዞች የተሰሉት በተለያየ የዓመታት ክልል በመሆኑ የግድ አይጣሉም፤ ሆኖም ዓመታቱ ሳይጠቀሱ በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንባቢን ያሳስታሉ።

ከእነዚህ አሐዞች የሚገኘው ሌላው ትምህርት ሌሊቱ ከቀኑ ፈጥኖ መሞቁ ነው። በመሆኑም ደጋንና ቆላን የሚያነጻጽር ባለሙያ የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ለየብቻ ሊመረምር ይገባዋል። የሁለቱ አማካይ ብቻ ከተወሰደ ዋነኛው ለውጥ ይደበቃል።

ሁለተኛው መስፈርት የመለኪያ ጣቢያው ታሪክ ነው። ቴርሞ ሜትሩ የሚቀመጥበት ነጭ የእንጨት ሣጥን ከሣር ሜዳ ወደ ሕንፃ ጥግ ቢዛወር መዝገቡ በአንድ ጊዜ ሊዘል ይችላል። ደብረ ብርሃን በፋብሪካዎች፣ ሸዋ ሮቢትም በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ እየሰፉ የመጡ ከተሞች እንደመሆናቸው፣ ሲሚንቶና አስፋልት በቀን አምቀው በሌሊት የሚለቁት ሙቀት ከአየር ንብረት ለውጡ ሊለይ ይገባል።

ንጽጽሩ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚሻው አንዱ ዲግሪ በሁለቱ ቦታዎች የሚያስከትለው ውጤት የተለያየ በመሆኑ ነው። በደጋው የገብስና የባቄላ ጠላት ውርጭ ነው። የሌሊቱ ሙቀት መጨመር የውርጭ ሌሊቶችን ሊቀንስ ቢችልም፣ አማካዩ ሞቀ ማለት ውርጭ ቀረ ማለት አይደለም፤ ሰማዩ የጠራበት አንድ የጥቅምት ሌሊት የዓመቱን ልፋት ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። በይፋት ቆላ ደግሞ ጭማሪው የሚያርፈው ቀድሞውንም በሞቀው አየር ላይ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ሊይዘው የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ ከአፈርና ከቅጠል የሚተነው ውኃ ይበዛል። በዚህም ማሽላውና ማሾው የሚዘሩበት አፈር ፈጥኖ ይደርቃል፤ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትም ተጨማሪ ውኃ ይፈልጋል።

በሁለቱ መካከል ያለው ተዳፋት የራሱ ስጋት አለው። ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት በ2014 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያን የደብረ ዘይት አካባቢና የኮሎምቢያን አንቲኦኪያ ግዛት አጥንቶ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት የወባ በሽታ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አረጋግጧል። የጥናቱ ግኝት ከሸዋ ሮቢት በላይ ወደ ደብረ ሲና የሚወጡ ቀበሌዎችንም ይመለከታል። በከፍታቸው ምክንያት ከወባ ነፃ ተደርገው የሚቆጠሩ ቀበሌዎች ነዋሪዎች በሽታውን የመቋቋም አቅማቸው አነስተኛ በመሆኑ፣ ወረርሽኝ ቢነሳ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

ስለሆነም የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አንድ አገራዊ አሐዝ ወስደው ለደጋውም ለቆላውም በእኩል ከማዋል ሊቆጠቡ ይገባል። በየዕቅዱ የሚጠቀስ የሙቀት አሐዝ የመነሻ ዘመኑን፣ የጣቢያውን ስምና የቀን ወይም የሌሊት መሆኑን አብሮ መያዝ ይኖርበታል። ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኝ መረጃም በግብርና፣ በጤናና በውኃ ባለሙያዎች በጋራ ሊመረመር ይገባል። የዘር ምርጫ፣ የመስኖ ድልድልና የአጎበር ስርጭት በእነዚህ አሐዞች ላይ የሚመሠረቱ በመሆናቸው፣ በንጽጽሩ ላይ የሚፈጠር ስህተት በማሳውና በጤና ጣቢያው ዋጋ ያስከፍላል።