ልብ ሲደክም መቀመጥ መድኃኒት ነው?

በዚህ ወር ስለ ወጥ አሠራር አልጽፍም፤ ስለ ራሴ ልብ ላጫውታችሁ።

ባለፈው ዓመት ከምግብ ቤቴ ምድር ቤት አንድ ከረጢት ሽንኩርት ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝና ግማሽ ላይ ቁጭ አልኩ። ለሠራተኞቼ «ስልክ እያወራሁ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ማታ ማታ እግሬም ያብጥ ነበር፤ «ቆሜ ስለምውል ነው» እያልኩ አለፍኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ባለቤቴ ነቅታ ጎትታ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ልቤን በአልትራሳውንድ አይተው «ደም የመርጨት አቅሙ ደህና ነው፤ ችግሩ መላላቱ ላይ ነው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልብ ከተኮማተረ በኋላ ተላልቶ በደም መሞላት አለበት። የኔ ጡንቻ ግን ስለጠነከረ በደንብ አይላላም። ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለስና ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህ ዳያስቶሊክ የልብ ድካም ይባላል። የቆየ የደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ስኳርና ዕድሜ ያመጡታል።

ዘመድ ሁሉ «አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ። ፈርቼ ሁለት ወር ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ መታጠቢያ ቤት ደርሶ መመለስም አደከመኝ። ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ «ማን ተቀመጥ አለዎት?» ብለው ተቆጡኝ። ለካ እንቅስቃሴ የሚጠቅመው የእግርና የእጅ ጡንቻ ኦክስጅንን በደንብ እንዲጠቀም ስለሚያደርግ ነው፤ ያኔ ልብ ላይ ያለው ጫና ይቀላል። በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 100 ውፍረት ያላቸው አረጋውያንን ለ20 ሳምንት ተከታትሎ፣ እንቅስቃሴ የሠሩትም ምግብ የቀነሱትም አቅማቸው እንደተሻሻለ፣ ሁለቱን ያጣመሩት ደግሞ ይበልጥ እንደተሻሻሉ አሳይቷል።

እኔ ሐኪሙ ከፈቀዱልኝ በኋላ በ5 ደቂቃ እርምጃ ጀመርኩ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ ዛሬ 30 ደቂቃ ደርሻለሁ። ልኩን ማወቂያው ቀላል ነው፦ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ጥሩ ነው፤ ካቃተዎት ዝግ ይበሉ። ሲጨርሱም ድንገት አይቁሙ። ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ካዞረዎት ያቁሙና እርዳታ ይጥሩ። ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ፤ በአንድ ቀን 3 ፓውንድ ወይም በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመሩ ውኃ እየቋጠሩ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይደውሉ። ጨውን ደግሞ እኔው ባለ ምግብ ቤቱ ልንገራችሁ፦ ቀንሱ! የተገዛ በርበሬና ሽሮ ውስጥም ጨው አለ።

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሜዲኬር በልብ ድካም ብቻ የማገገሚያ ሥልጠና የሚሸፍነው ልብ የመርጨት አቅሙ 35 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። የኛ ዓይነቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሆነ በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ «ቤት ውስጥ ምን ይሥሩ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ሽንኩርቱን ዛሬ ለሁለት ከፍዬ ነው የማወጣው። ደረጃው ላይ ካረፍኩም «አረፍኩ» እላለሁ፤ ስልክ የለም። ሰላም ያገናኘን።