ለአሮጌ ቮልስዋገን የሚስማማው የካምቢዮ ዘይት

ከሰቆጣ የጻፉልን አንድ የቤተ ሰብ አባት፣ ከወላጅ አባታቸው የወረሷትን ቮልስዋገን ለመንገድ ሲያሰናዱ ዘይት ሻጩ «ቍጥሩ ከፍ ያለው ይበልጣልና ጂ ኤል 5 ይውሰዱ» እንዳላቸው ገልጸው፣ ምክሩን መቀበል ይገባቸው እንደ ሆነ ጠይቀውናል። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም፣ ከዋግ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ልጆቹን አሳፍሮ ለሚወርድ ሰው የሕይወት ነገር ነው። በቍልቍለት ላይ መኪናን የሚገታው ዝቅተኛው ማርሽ ነውና፤ ፍሬን ብቻውን ከተደገፉበት ይግላል፣ ይደክማልም።

ቮልስዋገን በአገራችን ታሪክ ውስጥ ስፍራ ያላት መኪና ናት፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ዓይነት መኪና ነበር። ወደ ዘይቱ እንመለስ።

የዚህች መኪና ካምቢዮና ዲፈረንሻል በአንድ ሣጥን ውስጥ ሆነው አንድ ዘይት ይጋራሉ። የዲፈረንሻሉ ጥርሶች በብርቱ ስለሚፋተጉ ዘይቱ ድኝና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም ሊኖረው የግድ ነው። ነገር ግን ማርሽ በሚለወጥበት ጊዜ ፍጥነትን የሚያስማሙት ቀለበቶች ከናስ የተሠሩ ናቸው። ጂ ኤል 5 ቅመሙን ከጂ ኤል 4 እጥፍ ያህል ይይዛል፤ ይህም ቅመም ሲግል ናስን ሊበላ ይችላል። ዳግመኛም ቀለበቱ መያዝ በሚገባው ጊዜ እንዲንሸራተት ያደርገዋልና ማርሹ ሲገባ ይንጫጫል። ጂ ኤል 5 ከባድ ጭነት ለሚሸከም፣ ለብቻው ለቆመ ዲፈረንሻል የተዘጋጀ ነው። ናስን እንደማይጎዳ በጣሳው ላይ የተጻፈበት ቢኖርም፣ ለዚህች መኪና ጂ ኤል 4ን እንመርጣለን።

ፋብሪካው ያዘዘው ውፍረት ኤስ ኤ ኢ 90 ሲሆን፣ 80ን የፈቀደው ለዋልታ አካባቢ ብርድ ነው፤ የሰቆጣ ማለዳ ቢያንቀጠቅጥም እስከዚያ አይደርስም። 80 ደብልዩ 90 የተባለውም ይስማማል። ይህ 90 ከሞተር ዘይት ቍጥር ጋር አይነጻጸርም፤ ውፍረቱ ከሞተር 40 ወይም 50 ጋር ይቀራረባልና «በጣም ወፍራም ነው» ብሎ መሸሽ አያስፈልግም።

ዘይቱን ሲለውጡ አስቀድመው በግራ ጎን ያለው የመሙያ ቡሎን የሚፈታ መሆኑን ያረጋግጡ። የታችኛውን ከፍተው ካፈሰሱ በኋላ የላይኛው እንቢ ቢል መኪናዋ ከደጅ ትቀራለች፤ ይህም በብዙዎች ላይ ደርሷል። መኪናዋን ጥቂት ነድተው ዘይቱ ሞቅ ሲል ያፍስሱ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1961 ወዲህ ለተሠሩት 2.5 ሊትር ያህል ይበቃል። ቀስ እያሉ ይሙሉ፤ ቶሎ ሲጨምሩት ሳይሞላ ወደ ውጭ ይፈሳልና ጥቂት ታግሠው ደግመው ይጨምሩ። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ሲደርስ በቂ ነው።

በማፍሰሻው ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ የዘወትር እርጅና ነው። የጥርስ ስባሪ ቢገኝ ግን ወደ ተከዜ ከመውረድዎ በፊት ለመካኒክ ያሳዩ።