ዳኛው ደራሲ ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የጌም ማስተሮች መመሪያ ለጨዋታው መሪ አንድ ምክር ይለግሳል። ዳይሱን ከካርቶን ከለላ ጀርባ ከጣልከው ውጤቱን ስትፈልግ መለወጥ ትችላለህ ይለዋል፤ ብቻ አታብዛው፣ ስታደርገውም ተጫዋቾቹ አይንቁብህ፤ ከነቁ አደጋው የምር እንዳልሆነ ወይም እንደምታዳላ ይጠረጥራሉ። ምክሩ የራሱን ክስ ይዞ መምጣቱ ይገርማል። ተጫዋቹ ቢያውቀው የሚቀየምበት ነገር፣ ስላላወቀው ብቻ እንዴት ትክክል ይሆናል?

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ሌባ፣ ሌላው አስማተኛ፣ ሌላዋ ቀስተኛ። የቀረው ዓለም፣ ከተማውም ጠላቱም ዝናቡም፣ በጌም ማስተሩ እጅ ነው። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፣ ጌም ማስተሩ የሚከተለውን ይነግረዋል፣ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ጨዋታው በሙሉ የቆመው በዚህ ቃል መቀባበል ላይ ነው። በብዙ ጠረጴዛ የሰፈነው አስተሳሰብ ደግሞ ጌም ማስተሩ ታሪኩን ለማሳመር ሲል ይህን ልውውጥ በስውር ቢያጣምመው ነውር የለበትም የሚል ነው።

እስቲ አንድ ምሽት እንይ። ተጫዋቾቹ መንታ መንገድ ላይ ደርሰዋል። ግራው አጭር ነው፤ በድልድይ ያልፋል። ቀኙ በጫካ ይዞራል። ቀስተኛዋ «እንዲህ ያለ ድልድይ ሽፍታ አያጣውም» ብላ ትከራከራለች፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የአንድ ቀን ስንቅ ከስረው በጫካው ለመዞር ይስማማሉ። ሽፍቶቹ ጫካው ውስጥ ይጠብቋቸዋል። ድልድዩን ቢመርጡ ኖሮ ድልድዩ ላይ ይጠብቋቸው ነበር፤ ጌም ማስተሩ ውጊያውን ሲያዘጋጅ አምሽቷልና ልፋቱ መና እንዲቀርበት አልፈለገም። ውጊያው ይጦፋል። ቀስተኛዋ የመጨረሻ ቀስቷን በሽፍቶቹ አለቃ ላይ ትለቃለች፤ ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ 20 ላይ ያርፋል። ጠረጴዛው በጩኸት ይናጋል። አለቃው ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ስለሚፈለግ ቆስሎ ገደል ገብቶ ይሰወራል። ክርክሩ፣ የተከፈለው ስንቅና ያ 20 ምን ለወጡ? ምንም። የተሰጣቸው የይስሙላ ምርጫ ነበር።

ይህ የአንድ ሰነፍ ጌም ማስተር ጥፋት ብቻ ቢሆን ባልተጻፈበት። በ1984 መውጣት የጀመሩት የዚሁ ጨዋታ የ«ድራጎንላንስ» የጀብዱ መጻሕፍት ሐሳቡን በሕግ መልክ አትመውታል። ታሪኩ ከልብ ወለዶች ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ስለታሰበ፣ በኋላ የሚፈለግ ዋና ገጸ ባሕርይ ወይም ጠላት ቢሞት አሟሟቱ ድብቅ ይሁን፣ ሬሳው አይገኝ፣ ወደፊትም ይመለስ ተባለ። ተጫዋቾቹ ምንም ጀግንነት ቢሠሩ የሚቀጥለው ምዕራፍ አስቀድሞ ተጽፏል።

ጌም ማስተሩ ይህን ሁሉ ሥልጣን ያገኘው ከታሪክ ጸሐፊነት አለመሆኑ ነው ነገሩን የሚያብሰው። በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ ባሳተመው የጦርነት ጨዋታ ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ እርሱ በሰንጠረዥና በዳይስ ውጤቱን ያሰላል። ሰንጠረዡ እያደር አሰልቺ ሲሆን፣ ቨርዲ ዱ ቨርኑዋ በ1876 ሕጉን ትቶ ልምድ ባለው ዳኛ ፍርድ መመራት ይሻላል አለ። ዳኛው ሰፊ ሥልጣን የተሰጠው ከሁለቱ ወገኖች የማንም ስላልሆነ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ጉዳዩ አልነበረም።

ያ ሥልጣን ወደ ዛሬው ጨዋታ የተሻገረው በአሜሪካዋ ሚኒሶታ በኩል ነው። በ1969 ዴቪድ ዌዝሊ «ብራውንስታይን» በተባለች ምናባዊ ከተማ ላይ ባዘጋጀው ጨዋታ ለየተጫዋቹ የግል ሚና ሰጠ። ተጫዋቾቹ ያላሰበውን ሁሉ ያደርጉ ጀመር፤ ሁለቱ እንዲያውም ለድብድብ ተፈላለጉና ዌዝሊ ሕግ ያልተበጀለትን ፍልሚያ እዚያው በዳኝነት መወሰን ነበረበት። እርሱ ጨዋታው ከሸፈ ብሎ ሲያዝን፣ ተጫዋቾቹ ይደገምልን አሉ። ከእነርሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር፤ በ1974 ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን» ያወጣው። የጨዋታው ዘር የበቀለው አዘጋጁ ያላቀደው ነገር ከተከሰተበትና እርሱም ከፈረደበት ምሽት ነው። የዛሬው ጌም ማስተር ግን የዳኛውን ሥልጣን ወርሶ ገለልተኝነቱን ጥሎታል። የሚዳኘው የራሱን ድርሰት ነው። በራሱ ጉዳይ የሚፈርድ ዳኛ ደግሞ በየትም አገር አይታመንም።

ተከላካዮቹ መልስ አላቸው። ሰው የሚመጣው ሊዝናና ነው፤ ጀማሪ ተጫዋች በመጀመሪያው ሰዓት በክፉ ዳይስ ቢሞት ማን ይጠቀማል ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መፍትሔው ለምን በስውር ይሁን? «ዛሬ ማንም አይሞትም፤ የተሸነፈ ይማረካል» ብሎ ዳይሱ ሳይጣል መናገር ይቻላል። ሞት የማይፈለግ ከሆነ ለሞት ዳይስ አለመጣል ነው። ከተጣለ በኋላ ውጤቱን መካድ ግን ተጫዋቹን ከሽንፈት ሲያድን ድሉንም ይዞበት ይሄዳል፤ አንዴ ከጠረጠረ በኋላ በእውነት ያሸነፈውን እንኳ በጌም ማስተሩ ቸርነት ያገኘው ይመስለዋል።

በሌላው ጫፍ ያሉት ደግሞ ሥልጣኑን ለሁሉም እናከፋፍለው ይላሉ። በ2009 የወጣው «ፊያስኮ» ጌም ማስተር የለውም፤ ታሪኩን ሁሉም በጋራ ይሠራዋል፤ ግሩም ጨዋታም ነው። ይሁንና ደስታው ሌላ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን ራሱ የሚፈጥር ሰው በሩን ሲከፍት የሚደነግጥበት ነገር የለም። ምስጢር እንዲኖር ምስጢሩን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ የጌም ማስተሩን ሥልጣን እንደ ርስት ቆራርሶ ማካፈል ችግሩን አይነካውም።

የሚነካው ሥልጣኑን በቃል ማሰር ነው። በ2010 የወጣው «አፖካሊፕስ ወርልድ» ጌም ማስተሩ ጭራሽ ዳይስ እንዳይጥል አድርጎ፣ የእርሱንም ሥራ እንደ ተጫዋቾቹ ሥራ በሕግ ጽፎታል። በ2017 የወጣው «ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ» ደግሞ ዳይሱ ከእጅ ሳይወጣ ጌም ማስተሩ አደጋው ምን ያህል እንደሆነና ቢሳካ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ እንዲናገር ያስገድደዋል። አደጋውን የሚመዝነው አሁንም እርሱ ነው፤ ሥልጣኑ አልተቀነሰም። የተነሣው ከውጤቱ በኋላ ሐሳቡን የመለወጥ መብቱ ነው። ተጫዋቹም አይከፋውም፤ ምን እንደሚያስይዝ አውቆ አስይዟልና።

ይህን ለማድረግ አዲስ ጨዋታ መግዛት አያስፈልግም። ካርታው፣ የጠላት ሴራ፣ የወጥመዱ ቦታ ገጸ ባሕርያቱ የማያውቁት ነገር ነውና ከለላው ጀርባ ይቆይ። ዳይሱ ግን ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጣል። ሽፍቶቹ ድልድዩ ላይ ናቸው ተብሎ ከተጻፈ ጫካ የዞረ አያግኛቸው፤ አለቃው በ20 ከተመታ ይሙት። የሚቀጥለው ሳምንት ታሪክ ከተበላሸ ጌም ማስተሩ ሌላ ያዘጋጅ፤ የተቀመጠበት ወንበር ሥራው ይኸው ነው። የጻፈው ታሪክ ሳይነካ እንዲያልቅለት የሚፈልግ ግን ልብ ወለድ ይጻፍ፤ ለዚያ አራት ሰው ጠርቶ ማስመሸት አያስፈልገውም።