የባልሳ ዴልታ ሞዴል በመመረቂያ ጥናት ውስጥ ሊኖራት ስለሚገባ ቦታ

በኤሮዳይናሚክስ ዘርፍ የሚቀርቡ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላሉ። ተማሪው የክንፍ ቅርጽ ይመርጣል፣ በኮምፒውተር ያሰላል፣ ከዚያም ውጤቱን ቀደም ሲል ከታተመ የሌላ ሰው ስሌት ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ውጤቱ «ተረጋገጠ» ይባላል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አየሩ ራሱ አልተጠየቀም የሚል እምነት አለኝ። አየሩን ለመጠየቅ ደግሞ ውድ የነፋስ ዋሻ እስኪገነባ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ከባልሳ እንጨት የተሠራች፣ በሬዲዮ የምትመራና ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ሜትር ገደማ የምትሆን የዴልታ ክንፍ ሞዴል ከሥራው ብዙውን ትሸከማለች። ሐሳቡ በተነሣ ቁጥር «መጫወቻ ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ክርክሩን በቁጥር ማቅረብ ይሻላል።

በመካከለኛ መስመሯ 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት፣ የፊት ጠርዟ 60 ዲግሪ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ እንውሰድ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 52 ሴንቲ ሜትር፣ በቆዳ ስፋት ደግሞ 0.117 ካሬ ሜትር ትሆናለች። የሠሪው የመጀመሪያ ጥያቄ የስበት ማዕከሏ የት ይሁን የሚል ነው። የተለመደው የክንፍ ንድፈ ሐሳብ የማንሣት ኃይል ለውጥ የሚያርፍበትን ነጥብ ከአማካዩ የክንፍ ርዝመት ሩብ ላይ ያደርገዋል። ለሦስት ማዕዘን ክንፍ ይህ ከአፍንጫው 22.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ በመስመሩ እኩሌታ ላይ ይውላል። ሮበርት ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው የቀጫጭን ክንፎች ንድፈ ሐሳብ ግን ነጥቡን ከአፍንጫው በሁለት ሦስተኛ ርቀት፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያስቀምጠዋል። የእኛ ክንፍ ለአንደኛው ንድፈ ሐሳብ በጣም አጭር፣ ለሌላው በጣም ሰፊ ናትና በሁለቱ መካከል ትውላለች። የ7.5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ጭራ በሌላት አውሮፕላን ላይ ግን የስበት ማዕከሉ ከነጥቡ ወደ ኋላ ካለፈ በረራው ከሁለት ሴኮንድ አይዘልም።

ስለዚህ ሠሪው ከአፍንጫው 19.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጀምርና በየበረራው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይገፋል። በእያንዳንዱ አቀማመጥ አውሮፕላኗ በዝግታና በፍጥነት ቀጥ ብላ ስትበር ኤሌቨኖቹ ምን ያህል ቀና ማለት እንዳለባቸው ይመዘግባል። በሁለቱ ፍጥነቶች መካከል ያለው የማዕዘን ልዩነት ወደ ዜሮ የሚያመራበት ቦታ የሚፈለገው ነጥብ ነው። ይህ ልኬት በሁለት ታዋቂ ንድፈ ሐሳቦች መካከል ፍርድ ይሰጣል። አንድ የመመረቂያ ምዕራፍ ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

ሌላው ጉዳይ የምንኖርበት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የአየሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው የባሕር ወለል እሴት 1.225 ነው። ሞዴላችን 250 ግራም ብትመዝንና የማንሣት መለኪያዋ 0.7 ቢሆን፣ በባሕር ወለል በሴኮንድ 7 ሜትር ስትበር ራሷን ትሸከማለች፤ እዚህ ግን 8.2 ሜትር ያስፈልጋታል። በእጅ ለሚወረወር ሞዴል ይህ የዋዛ ልዩነት አይደለም። በዚሁ ፍጥነት የሬይኖልድስ ቁጥሯ 120,000 ገደማ ሲሆን፣ ይህ በክንፍ ገጽ ላይ ያለው የአየር ንጣፍ ባሕርይ ለስሌት እጅግ አስቸጋሪ የሚሆንበት ክልል ነው። የባሕር ወለልን እሴት ሳይለውጥ ወደ ስሌቱ ያስገባ ተማሪ ስሕተቱን ከኮምፒውተሩ አይሰማም። ከወረወራት አውሮፕላን ግን ወዲያውኑ ይሰማዋል።

የተማሪ ሥራ ቁም ነገር አያስገኝም ለሚሉ የዲኤም-1 ታሪክ መልስ ይሆናል። ይህ ሞተር አልባ የዴልታ አውሮፕላን በአሌክሳንደር ሊፒሽ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ በዳርምሽታትና በሙኒክ የተማሪዎች የበረራ ቡድኖች በአብዛኛው ከእንጨት የተሠራ ነበር (የተወለደበት ዓላማ የሚወደስ አይደለም)። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተወስዶ በላንግሌይ ትልቅ የነፋስ ዋሻ ውስጥ ተፈተነ። የማንሣት ኃይሉ ከተጠበቀው በታች ሆነ። መርማሪዎቹ በድቡልቡሉ የፊት ጠርዝ ላይ ሹል ጠርዝ ሲያክሉበት ግን ኃይሉ በእጅጉ ጨመረ፤ አየሩ ከሹሉ ጠርዝ ተላቅቆ በክንፉ ጀርባ ላይ ጽኑ አዙሪት መፍጠር ጀምሮ ነበርና። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 1969 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኮንኮርድ በዝቅተኛ ፍጥነት ያርፍ የነበረው በዚህ ዓይነቱ አዙሪት ተደግፎ ነው። ይኸው ሙከራ በባልሳ ሞዴል ላይ አንዲት ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ጥቂት ሙጫና አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል።

ስለ እንጨቱም ጥቂት ማለት ያሻል። ባልሳ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ሲሆን በስፋት የሚቀርበው ከኢኳዶር ነው። እፍጋቱ ከቁራጭ ቁራጭ ይለያያል፤ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም የሆነም 200 የሆነም ከአንድ መደርደሪያ ይገኛል። አንድ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አንዱ 30 ግራም፣ ለዓይን የሚመሳሰለው ሌላው 60 ግራም ሊመዝን ይችላል። ዴልታ ክንፍ አብዛኛው ገላዋ ከስበት ማዕከሉ በስተኋላ ስለሆነ ከኋላ ጠርዝ ላይ የተጨመረ 1 ግራም በአፍንጫዋ በኩል ከ1 ግራም በላይ ማካካሻ ይጠይቃል። ቀላሉን ጣውላ ለኋላ፣ ጠንካራውን ለፊት መምረጥ የሚቻለው እያንዳንዱን ቁራጭ በመመዘን ብቻ ነው። በስሌት ፕሮግራም ውስጥ «የቁሱ እፍጋት» አንድ ቁጥር ነው፤ በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ግን ሥርጭት ነው። ፎም ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ስለሆነ ለበረራ ልምምድ እመርጠዋለሁ፤ ለጥናት ግን ባልሳ የሚያስተምረውን አያስተምርም።

ጠንካራው ተቃውሞ የመጠን ጉዳይ ነው፦ ትንሽ ሞዴል የትልቅ አውሮፕላንን ባሕርይ አትወክልም ይባላል። ለድቡልቡል ጠርዝ ክንፍ ይህ እውነት ነው። ሹል ጠርዝ ባለው ዴልታ ላይ ግን አየሩ የሚላቀቅበት ቦታ በጠርዙ የተወሰነ ስለሆነ የሬይኖልድስ ቁጥር ተጽዕኖ በጣም ያንሳል፤ ከክንፎች ሁሉ ዴልታን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ ዛሬ ለካርታ ሥራና ለሰብል ቅኝት የሚያገለግሉት ሰው አልባ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ራሳቸው ከሞዴላችን እምብዛም አይበልጡም።

የወጪና የፈቃድ ጥያቄ ግን በክርክር አይፈታም። ባልሳውም፣ ሬዲዮውም፣ ሰርቮውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፤ የበረራውንና የዕቃ ማስገባቱን ፈቃድ ተማሪ ለብቻው እንዲያንከራትት መተውም ፍትሐዊ አይደለም። የትምህርት ክፍሉ ለሁሉም አንድ ጊዜ ሊጨርሰው ይችላል። እስከዚያው ድረስ ሬዲዮ የሌላት፣ በአዳራሽ ውስጥ በእጅ የምትወረወር ተንሸራታች ዴልታ በአንድ ሜትር ቁልቁለት ስንት ሜትር እንደምትጓዝ በመለካት መጀመር ይቻላል። ለዚህ ሚዛን፣ ሜትርና የስልክ ካሜራ ይበቃሉ። ከገምጋሚ ኮሚቴዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ጥናት ሲቀርብ «በምን ለካኸው?» የሚለው ጥያቄ በግምገማ ቅጹ ላይ ራሱን የቻለ ነጥብ ይኑረው።