በአደባባይ መንገድ ላይ ስለሚቀመጥ ፍርስራሽና ስለ ፈቃዱ ዋጋ

ቤት የሚያሠራ ሰው የድንጋዩን፥ የአሸዋውን፥ የሲሚንቶውንና የግንበኛውን ዋጋ ጽፎ ይደምራል። ከደጁ ውጭ ያለውን መንገድ ለጥቂት ቀን የሚዋስበትን ዋጋ ግን በዝርዝሩ የሚያገባ ባለቤት ብዙ አይገኝም። እኛም አላገባነውም ነበርና የደረሰብንን በዚህ ገጽ ለመጻፍ ወደድን።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ራጉኤል በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ባለፈው ክረምት ማለቂያ የወጥ ቤታችን ግድግዳ ስለ ዘመመ አፍርሰን እንደ ገና ልናቆመው ተነሣን። ግቢያችን ጠባብ ስለ ሆነ ለፍርስራሹ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ገንዳ ተከራይቶ በመንገዱ ዳር ለማቆም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ስለ ሰማን ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድን። የፈቃዱ ዋጋ ከባድ አልነበረም፤ ከባዱ ምልልሱ ነበር። ኃላፊው የሉም፥ ማኅተሙ ተቈልፎበታል፥ ነገ ተመለሱ እየተባለ ሦስት የሥራ ቀን አለፈብን። (እኛ ራሳችን በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የምንውል ነንና ባለጉዳይን «ነገ ና» ማለት እንዴት እንደሚቀል እናውቃለን።) በመጨረሻም «ለሦስት ቀን ነገር ይህን ያህል መድከም ምንድር ነው?» ብለን ፍርስራሹን ያለ ፈቃድና ያለ ገንዳ በመንገዱ ዳር አስደፋነው።

ሦስቱ ቀን ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። ግንበኛው ታመመ፤ ዝናቡም አላባራ አለ። በዚህ መካከል መስከረም 1 ቀን ደረሰ፤ ይኸውም ከዐውደ ዓመቱ ጋራ የራጉኤል በዓል የሚውልበት ስለ ሆነ ሕዝቡ ሌሊቱን ወደ ደብሩ ይወጣል። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ነጠላቸውን ተከናንበው፥ ጎሕ ሳይቀድ፥ በደጃችን ሲያልፉ በድንጋዩ ተሰናክለው ወደቁ፤ ቀኝ እጃቸውም ተሰበረ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ አልተቈጡንም። «ልጄ፥ ያን መንገድ ዐይኔን ጨፍኜ ዐውቀዋለሁ፤ ድንጋይ አልነበረበትም» አሉን፤ ሌላ አልተናገሩም። ለሐኪም ቤት፥ ለመድኃኒትና ለመመላለሻ የከፈልነው ገንዘብ ከፈቃዱና ከገንዳው ኪራይ ድምር በብዙ በለጠ። እጃቸው ግን እንጀራ ለመጋገር እስከ ዛሬ አልታዘዘላቸውም።

ይበልጥ ያሳፈረን ሕጉን የምናውቅ ሰዎች መሆናችን ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1446 መንገዶችንና ጎዳናዎችን ከሕዝብ አገልግሎት ሀብት ይቈጥራቸዋል፤ በቁጥር 1455ም ረጅም ዘመን ይዤዋለሁ በማለት ማንም ባለቤት ሊሆንባቸው እንደማይችል ይደነግጋል። በየደጁ ሣር እስኪበቅልበት ድረስ የሚቈየውን የአሸዋ ክምር የሚያይ ሰው ግን ክምሩ ርስት የተከለ ይመስለዋል። ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 513/1999ም የግንባታንና የፈረሰ ቤትን ፍርስራሽ ነገር ሳይጠቅስ አላለፈም።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የመንገዶች ሕግ በክፍል 139፥ የመንገዱ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ የፍርስራሽ ገንዳን በጎዳና ላይ ማኖር ይከለክላል። ባለ ገንዳውም ስሙን ከአድራሻው ወይም ከስልክ ቍጥሩ ጋራ እንዲጽፍበት፥ ሌሊት መብራት እንዲያደርግበት፥ ከሞላም በኋላ ሳይዘገይ እንዲያነሣው ያዛል። የፈቃዱ ዋጋ በየአካባቢው አስተዳደር ስለሚወሰን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ገንዳውን በገዛ ግቢው ያኖረ ሰው ግን ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም። እኛ ከዚህ ሁሉ ቃል መብራት የሚለውን ደጋግመን አነበብነው። አንዲት ፋኖስ የባልቴቲቱን እጅ ባዳነች ነበር።

የእንጦጦ ቁልቁለት ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። በላይኛው ደጅ የተደፋ አፈር በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ የመንገዱን ቦይ ይደፍናል፤ ቦዩ የተደፈነበት ውሃም ወደ ታችኞቹ ሰዎች ቤት ይገባል፤ የቀረውም ከተራራው ወደሚወርደው ወደ ቀበና ወንዝ ይሄዳል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችም የመንገዱ ዳር ሲዘጋባቸው ከነሸክማቸው ወደ መኪናው መካከል ይገባሉ።

ፈቃድ የሚሰጡ ክቡራን ሹማምንት ይህን ቢመለከቱልን እንወዳለን። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች ዋጋ ቀላል፥ ወረቀቱም በአንድ ቀን የሚያልቅ ቢሆን፥ ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ እየጨመረ ቢሄድ፥ ባለቤቱ ፍርስራሹን ለማንሣት ይቸኵላል። ዋጋው ከመጀመሪያው የከበደ ወይም ምልልሱ የበዛ እንደ ሆነ ግን ሰው በሌሊት እየወሰደ በገደል ይደፋዋል፤ ከእርሱም ገንዘብ የሚያገኝ የለም። ለእኛ ጥፋት ግን ይህ ምክንያት አይሆንም፤ ሦስት ቀን የተመላለሰ ሰው አራተኛ ቀን መሄድ ይችል ነበር።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ ቆሟል። የጓሮው አጥር ግን በዚህ በጋ መፍረሱ አይቀርም። የሚያስፈልገውን ወጪ ትናንት ማታ ከባለቤታችን ጋራ ተቀምጠን ስንጽፍ፥ የፈቃዱን ዋጋና የፋኖሱን ጋዝ ከሲሚንቶው በላይ በመጀመሪያው መስመር አስፍረናል።