በሩን ጥሎ የሚወጣው በረኛ

  

ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው የ19 ዓመት ልጅ ነው። ስሜ አይውጣ ስላለኝ ስሙንም ሰፈሩንም አልናገርም። የፍቅር ጉዳይ አይደለም (ለአንድ ሳምንት እንኳ «ጥላኝ ሄደች» ከሚለው አረፍኩ!)። ልጁ የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነው። በዋንጫ ጨዋታ ላይ ኳስ ይዞ ከበሩ ወጣ፣ አንዱን አብዶ ሠራበት፣ ሁለተኛውንም ልሥራበት ሲል ተነጠቀ… ጎል! ተሸነፉ። ይባስ ብሎ አንዱ በስልኩ ሲቀርጽ ኖሮ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ፑል ቤት በገባ ቁጥር ሳቅ ነው። የቡድኑ አምበል ደግሞ «መለያና ጓንት መልስ» ብሎታል። «ኳስ ልተው ወይስ ሰፈር ልቀይር?» ይላል ምስኪን።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርግ። ምክሩን ግን ቆየት ብዬ ነው የምሰጥህ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ መካሪ ከመሆኔ በፊት ተከሳሽ ነኝ። ያንተ አምበል ያደረገውን እኔም ከዓመታት በፊት አድርጌዋለሁ።

እናላችሁ ወደ ሰኔ 16 ቀን 1982 ዓ.ም. ልመልሳችሁ። አብዛኞቻችሁ አልተወለዳችሁም፤ ግድ የለም፣ ተከተሉኝ። የጣሊያን የዓለም ዋንጫ ነው። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። በግቢያችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ጥቁርና ነጭ፣ ምስሉ ሲጠፋ በቡጢ የሚመታ። የቤቱ እመቤት እግራችንን ሳንታጠብ አያስገቡንም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሃያ ልጅ መሬት ላይ ተደርድረን ካሜሩንና ኮሎምቢያ ኔፕልስ ላይ ሲጋጠሙ እናያለን። ለማን እንደምንጮህ መቼም አትጠይቁኝም። አፍሪካ ነው እንጂ!

90 ደቂቃው ባዶ ለባዶ አለቀ። ተቀይሮ የገባው የ38 ዓመቱ ሮጀር ሚላ በጭማሪው ሰዓት አንድ አገባ። ግቢው ተናወጠ። ገና ቁጭ ሳንል፣ የኮሎምቢያው በረኛ ሬኔ ሂጊታ ከበሩ እጅግ ርቆ፣ ወደ መሐል ሜዳ ተጠግቶ ኳስ ተቀበለ። ያ ጥቁር ጠጉሩ ትከሻው ላይ የሚወዛወዘው ሂጊታ! ሚላ መጣበት። በረኛው ኳሷን መጠለዝ ሲችል አብዶ ሊሠራ ፈለገ። ሚላ መነተፈው። ከዚያ በኋላማ ባዶ በር ነው። ሁለት ለዜሮ። ኮሎምቢያዎች ኋላ አንድ ቢመልሱም አልበቃቸውም፤ 2 ለ 1 ተሸንፈው ወደ አገራቸው።

ሁላችንም ሚላ ባንዲራው ጋ ወገቡን ይዞ ሲደንስ አብረን ስንደንስ፣ አንድ ልጅ ብቻ ከመሬት አልተነሣም። የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ የልብ ጓደኛዬ። እኛ ሚላን ስናይ እሱ ከኋላ የሚሮጠውን ሲያይ ኖሯል። «በረኛውስ?» አለ። «አሁን በረኛውን ምን ይሉታል?»

አንተ ደግሞ! ብለን ሳቅንበት።

እስቲ ይሄን ሂጊታ ለማታውቁት ትንሽ ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሜዴሊን ከተማ የተወለደ ነው። አገሩ ሰዎች «ዕብዱ» ይሉታል፤ ስድብ አይደለም፣ ቁልምጫ ነው። ያኔ በረኛ ከራሱ ተከላካይ የተመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ ይፈቀድለት ነበር (የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው)። ስለዚህ ብዙው በረኛ ኳስ አቅፎ ሰዓት ይገድላል። ሂጊታ ግን ማንም ሳያስገድደው በእግሩ ይጫወታል፤ እየነዳ ይወጣል፣ ያቀብላል፣ ቅጣት ምት ይመታል። በዘመኑ ከ40 በላይ ጎል አግብቷል፤ ሦስቱ ለብሔራዊ ቡድኑ። ዛሬ እነኖየርና ኤደርሰን ሲያደርጉት «ዘመናዊ በረኛ» ተብለው የሚደነቁበትን እሱ ሲያደርገው ዕብድ ተባለ።

በእጁ ደግሞ እንዳትንቁት። እ.ኤ.አ. በ1989 የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ አትሌቲኮ ናሲዮናል ከፓራጓዩ ኦሊምፒያ ጋር ወደ ሪጎሬ ደረሱ። ሂጊታ አራት አዳነ፣ አንዱን ደግሞ ራሱ መትቶ አገባ! ከኮሎምቢያ ያንን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ናሲዮናል ነው። በጣሊያኑ የዓለም ዋንጫም ከሚላ ጉድ በፊት ከዩጎዝላቪያ ጋር ሲጫወቱ ሪጎሬ አድኗል። ይሄንን የሚያስታውስ ግን የለም። ሰው የሚያስታውሰው ሚላን ነው።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ጓደኛዬ ከዚያች ምሽት ጀምሮ በረኛ ሆነ። እኛ ሰፈር በረኛ የሚሆነው ኳስ የማይችል ልጅ ነበር፤ እሱ ግን ከሁላችንም ኳስ ይችላል። ወዶ ነው በር የገባው። ጠጉሩን ለማሳደግ ሞክሮ አባቱ በግድ አስላጩት እንጂ መልኩንም ያመጣው ነበር። ስሙ ቀርቶ ሂጊታ ሆነ። ከበሩ ወጥቶ ሁለት ሦስት ሰው ሲያልፍ ሱቅ የተላከ ልጅ ዘይቱን ይዞ ቆሞ ያያል። አሮጊቶች ሳይቀሩ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጥላቸውን ተደግፈው ያዩት ነበር።

ከዚያ ጳጉሜን መጣች። ጳጉሜን 1 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ፤ እንግሊዝና ኮሎምቢያ ለወዳጅነት ይጫወታሉ። ጄሚ ሬድናፕ የሞከራት ኳስ ከፍ ብላ ወደ በሩ መጣች። ሕፃን የሚይዛት ኳስ ናት። ሂጊታ እጁን እንደመዘርጋት በራሱ ላይ እንድታልፍ ተዋት፤ ወደፊት ተወረወረ፣ እጆቹን እንደ ክንፍ ዘረጋ፣ ከጀርባው ሁለት ተረከዙን አንሥቶ ኳሷን ጠልዞ መለሳት! ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ከዚያች አንዲት ሰከንድ በቀር ማን ምን ያስታውሳል? እሱ ራሱ እንደሚለው ሐሳቡን ያገኘው ለመጠጥ ማስታወቂያ ሲቀረጽ ከልጆች ጋር ሲጫወት ነው፤ ለዓመታትም ተለማምዶታል። «ጊንጥ» ብለው ስም አወጡለት።

እኛ በቴሌቪዥን የስፖርት ዜና ለጥቂት ሰከንድ አየናት። በቃ! በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በሆዱ መሬት ላይ ይነጠፋል። ስንት አገጭ ተላጠ፣ ስንት ሱሪ ተቀደደ! እናቶቻችን ስሙን በቅጡ ሳያውቁት ያንን ሰውዬ ረገሙት። የተሳካለት ግን አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ከአሥር አንዴ፣ በኋላ ከሦስት አንዴ። ኳስ ከፍ ብላ በመጣች ቁጥር ዳር የቆመው ሁሉ «ጊንጥ! ጊንጥ!» ይላል። እሱም አያሳፍርም።

የ1988 ፋሲካ ደረሰ። ስምንት ሰፈር ገንዘብ አዋጥቶ የበግ ዋንጫ ተዘጋጀ። (በግ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እናትህ ፊት በግ እየጎተቱ መግባት ምን ማለት እንደሆነ የዚያ ዘመን ልጅ ነው የሚያውቀው።) አምበሉ እኔ ነኝ። ለመጨረሻው ጨዋታ ደረስን፤ የሆሳዕና ዕለት፣ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ። አንድ ለአንድ ነን። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንዲት ኳስ ከሩቅ ተጠልዛ ከፍ ብላ መጣች። ሕዝቡ «ጊንጥ!» አለ።

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። እኔም ጮኼያለሁ። አምበሉ፣ ኃላፊው እኔ፣ «ጊንጥ!» ብያለሁ።

ተወረወረ። ኳሷ አንዱን ተረከዙን ላጥ አድርጋ ወደ በሩ ተንከባለለች። ተገልብጦ በሁለት እጁ ያዛት፣ ግን ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ጎል። በጉ ሄደ።

እናላችሁ ሮጬ ሄድኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ እንዳላይህ! ሰርከስ ግባ!» አልኩት። ይሄ አልበቃኝም። ጓንቱ የቡድኑ ነበርና «አውልቅ» አልኩት። አንድ በአንድ አወለቀ። ጭቃውን በቁምጣው ጠረገና አጣጥፎ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ እዚያ ሜዳ ላይ አላየሁትም። ሰላምታ አልተከለከልንም፤ «ደህና ነህ?» «ደህና» እንባባላለን። ጓደኝነቱ ግን እዚያው ጭቃው ላይ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ኳስ በመጣ ቁጥር በእጁ የሚይዝ ጥሩ በረኛ አገኘንና በጉን በላን። ዳር ቆሞ የሚያይ ግን ጠፋ። ዘይት የያዘውም ልጅ ዘይቱን ይዞ ቀጥታ ወደ ቤቱ።

ኋላ ላይ ነው ስለ እውነተኛው ሂጊታ ያነበብኩት። ከሚላ በኋላ ስህተቱን አልካደም፤ የኔ ነው አለ። አሠልጣኙ ፍራንሲስኮ ማቱራናስ? አገር ያሳፈረውን በረኛ ጓንት አስወለቀው? ወደ ስፔን ሄዶ ቫያዶሊድን ሲይዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ሂጊታንም ወደዚያው አስመጣው! ይሄን ሳነብ ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥኩት።

ያው ቡድን ግን ሌላም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ላይ ተከላካዩ አንድሬስ ኤስኮባር፣ የሂጊታ የክለብ ጓደኛ፣ ኳስ ለማውጣት ሲንሸራተት በራሱ በር ላይ አገባ። አብዶ አልሠራም፣ አልቀለደም፤ ሥራውን ነው የሠራው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ሰኔ 25 ቀን 1986 ዓ.ም. ሜዴሊን ላይ በጥይት ተገደለ። 27 ዓመቱ ነበር። ሂጊታ በዚያ ዓለም ዋንጫ አልነበረም። ታፍና የተወሰደች ልጅ ስትለቀቅ በመካከል ገብተህ ገንዘብ ተቀብለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1993 ወራት ታስሮ ተፈትቶ ነበርና አልተመረጠም። መልአክ ነው አላልኳችሁም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኢኳዶር ሲጫወት ኮኬይን ተገኝቶበታል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2010 በ43 ዓመቱ ሜዴሊን ላይ ሲሰናበት ስታዲየሙን ሞልተው ጠበቁት። ጊንጧንም ሠራላቸው።

ባለፈው ዓመት የድሮ ሰፈራችን ልቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሻይ የሚያዞረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ! ጠጉሩ ገባ ገባ ብሏል። አጠገቤ ቁጭ ሲል «ያን ጊዜ ጊንጥ ብዬ የጮኽኩት እኔም ነበርኩ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ፣ እንዳይጠፋብኝ።

ዝም ብሎ ስኳሩን አማሰለ። «ድምፅህን ሰምቼው ነበር እኮ» አለኝ።

ምን ልበላችሁ… የምገባበት ጠፋኝ።

«ተወው፣ ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ቀጥሎ። «አንድ ነገር ብቻ ግን ልንገርህ። ኳሷ መስመሩን አላለፈችም።»

«አልፋለች!»

«ኖራውን ዝናብ አጥቦት መስመሩን በምን አየኸው?»

ልቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተን ተሟገትን። አንዲት እናት «እናንተ ልጆች፣ አታፍሩም?» ብለው ተቆጡን። ልጆች! ሁለታችንም ሃምሳ ልንደፍን ነው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ የደብዳቤው ጌታ። ፑል ቤት ለጥቂት ሳምንት ቀርቶብህ ምንም አትሆንም፤ ሜዳ ግን በዚህ ቅዳሜ ውጣ። ቪዲዮውን እባካችሁ አጥፉልኝ እያልክ አትለምን፣ ስትለምን ነው የሚባዛው። ስህተቱ የኔ ነው በልና ተገላገል። ከበር መውጣትህን አትተው፤ አንዱንም አብዶ ሥራበት። ሁለተኛው ሲመጣ ግን በእናትህ፣ ጠልዛት!

ይቺን ገጽ ደግሞ ቅደድና ለአምበልህ ስጠው። ጓንቱን ግን እንዳትሰጠው።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።